ቀነኒሳ ፓሪስ ላይ 39ኛ ወጣ፤ ታዲያ ቦታው ይገባው ነበር?

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን ተካሄደ። ታምራት ቶላ 2:06:26 ሮጦ ወርቁን ወሰደ፤ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰኑንም በ6 ሴኮንድ አሻሻለ። ያን ቀን ስልካችን ሁሉ የታምራት ፎቶ ነበር። ከእሱ 6 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ግን ሌላ ኢትዮጵያዊ ገባ። ሰዓቱ 2:12:24፣ ደረጃው 39ኛ፣ ዕድሜው 42። ቀነኒሳ በቀለ ነው።

"በዚህ ዕድሜው ምን ሊሠራ ሄደ?"፣ "የአንድ ወጣት ዕድል ነው የበላው" የሚል ወሬ ያኔም ነበር፣ ዛሬም ስሙ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ወሬው የሚመጣው ደግሞ በብዛት ከእኛው ዕድሜ ነው። ብዙም አይፈረድብንም። ቀነኒሳ ዓለምን ሲያስጨንቅ ግማሾቻችን አልተወለድንም፤ የተወለድነውም ጎረቤት ቤት ቲቪ ለማየት በር ላይ የምንጋፋ ልጆች ነበርን። ስለዚህ እስቲ ከመጀመሪያው እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የስፖርቱ መዝገብ በእሱ ስለሆነ እንዳናምታታው ብዬ ነው።

ቀነኒሳ በ1982 አርሲ፣ በቆጂ ተወለደ። በቆጂ ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። የእኛዋ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ጮቄ ስትወጡ ደግሞ በቆጂን በልጣችሁ ታልፋላችሁ። እና "አየሩ ነው እንጂ" የሚለው ነገር ብቻውን አያስኬድም። በቆጂ ላይ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የትምህርት ቤት ስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ደራርቱን፣ ጥሩነሽን፣ ቀነኒሳን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ አንድ ሰው ያለበት ከተማና የሌለበት ከተማ ልዩነታቸው ከ400 ሜትር ከፍታ በላይ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ዓለም ያወቀው በአገር አቋራጭ ነው። ያኔ የዓለም አገር አቋራጭ ለወንዶች ሁለት ውድድር ነበረው፤ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው አጭሩና 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ረጅሙ። ሁለቱም በአንድ ሳምንት መጨረሻ ነው የሚሮጡት። ሯጮች አንዱን መርጠው ይገባሉ፤ አጭሩ የፈጣኖች፣ ረጅሙ የጽናት ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። ቀነኒሳ ሁለቱንም ገባ፣ ሁለቱንም አሸነፈ። በ2002። በ2003 ደገመው። በ2004፣ በ2005፣ በ2006ም እንዲሁ። ከእሱ በፊት ከወንዶች አንድ ጊዜ እንኳ ያደረገው አልነበረም። እሱ አምስት ዓመት በተከታታይ አደረገው።

በመም ላይ የመጀመሪያውን የዓለም ወርቅ ያገኘው በ2003 ነው፤ ቦታው ፓሪስ። በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴን ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህንን ሦስተኛ አድርጎ አሸነፈ። ሦስቱም የእኛ። በዚያው ሻምፒዮና 5,000 ሜትርም ሮጦ ነሐስ አገኘ። ያን 5,000 ሜትር ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? ኤሊዩድ ኪፕቾጌ የሚባል የ18 ዓመት ኬንያዊ። ይህን ስም ያዙት፤ ፓሪስንም አብራችሁ ያዙ።

በቀጣዩ ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ሄንገሎ፣ ሆላንድ ውስጥ 5,000 ሜትሩን በ12:37.35 ሮጠ፤ የዓለም ክብረ ወሰን። 8 ቀን ቆይቶ ኦስትራቫ ላይ የ10,000 ሜትሩንም ሰበረ። ሁለቱም ክብረ ወሰኖች የኃይሌ ነበሩ። አቴንስ ኦሎምፒክ ሄዶ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ብር ይዞ ተመለሰ። 22 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ጥር 2005 መጣ። ቀነኒሳና እጮኛው ዓለም ተጫለ አዲስ አበባ አቅራቢያ ጫካ ውስጥ አብረው ልምምድ ላይ ነበሩ። ዓለም በ1,500 ሜትር የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን የነበረች፣ ገና 18 ዓመቷ ሯጭ ነች። እየሮጠች ሳለ ወደቀች፤ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። ሠርጋቸው ወራት ነበር የቀረው። ሁለት ወር ተኩል ቆይቶ የአገር አቋራጩ ሻምፒዮና ደረሰ፤ ቀነኒሳ ሄደ፣ ሁለቱንም አሸነፈ። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ብራስልስ ላይ የራሱን የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ወደ 26:17.53 አወረደው።

ይህ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ቀላል መንገድ አለው። 10,000 ሜትር በመም ላይ 25 ዙር ነው። ብራስልስ ላይ እያንዳንዱን ዙር በአማካይ በ63 ሴኮንድ ነው የዞረው። ስታዲየም ሄዳችሁ ስልካችሁን ለጓደኛ ስጡና አንድ ዙር ብቻ በ63 ሴኮንድ ሞክሩ። ብዙ ጎበዝ ኳስ ተጫዋች አንዷን ዙር አይጨርሳትም። ከጨረሳችሁ ደግሞ ሳታርፉ 24 ጊዜ ድገሙት። ክብረ ወሰኑ 15 ዓመት ቆየ፤ የ5,000ው 16 ዓመት። ሁለቱንም በ2020 የሰበራቸው የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ነው።

በ2008 ቤጂንግ ላይ 5,000ንም 10,000ንም ወሰደ። በ5,000ው ብሩን ያገኘው ኪፕቾጌ ነው። በ2009 በርሊን የዓለም ሻምፒዮና ላይም ሁለቱንም ደገመ።

በርሊን 2009ን ጎጃም ያለ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ቀነኒሳ 10,000ውን ከማሸነፉ ከሁለት ቀን በፊት፣ በዚያው መም ላይ የሴቶቹ ነበር። ደብረ ማርቆስ የተወለደችው መሰለች መልካሙ የመጨረሻው መስመር ጋ ስትደርስ አሸንፌያለሁ ብላ እጇን አነሳች፤ ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ በጎኗ ሾልካ ቀደመቻት። ልዩነቱ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ። ሦስተኛ የወጣችው ውዴ አያሌውም የጎጃም ልጅ ናት። መሰለች በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ያን ርቀት በ29:53.80 ሮጣ የአፍሪካ ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። እሷም በኋላ ወደ ጎዳና ወጥታ በ2012 የፍራንክፈርት ማራቶንን በ2:21:01 አሸነፈች። ስለ መሰለች ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ወደ ቀነኒሳ ልመለስ።

ከበርሊን በኋላ ባቱ ተጎዳ።

ባት ለሯጭ ምን እንደሆነ ሳይገባን የቀረውን ታሪክ መረዳት አይቻልም። እግር መሬት ሲነካ የባት ጡንቻና ተረከዝ ላይ ያለው ጅማት እንደ ስፕሪንግ ይሳባሉ፣ ከዚያ ይወረውሩታል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጫናው እዚያ ላይ ነው የሚበረታው። የቀነኒሳ ሀብት ደግሞ የመጨረሻው ዙር ነበር። ቤጂንግ ላይ ከ24 ዙር በኋላ የመጨረሻዋን በ53 ሴኮንድ ገደማ ነው የጨረሳት። እዚያ ላይ የሚያፈናጥረው ዕቃ ነው እንግዲህ የተበላሸው። 2010ን ምንም ሳይሮጥ አሳለፈ ማለት ይቻላል። በ2011 ዴጉ ላይ 10,000ውን አቋርጦ ወጣ። በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ አራተኛ ሆነ፤ ነሐሱን የወሰደው ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ በቀለ ነበር። ሜዳሊያው ቤታቸው ገባ፣ ግን በሌላ አንገት።

ከለንደን እስከ ፓሪስ ያሉት 12 ዓመታት ከዚህ ይጀምራሉ።

የመጀመሪያ ማራቶኑን በ2014 ሮጠ። የት? ፓሪስ። 2:05:04 ገብቶ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰበረ። "በቃ፣ ጎዳናውንም ይገዛዋል" ተባለ። አልሆነም። በ2015 መጀመሪያ ዱባይ ላይ አቋረጠ፣ ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ውድድር ላይ አልታየም። ማራቶን ከመም ቀስ ያለ ነው፣ ታዲያ ለተጎዳ ባት አይሻልም ወይ ትሉ ይሆናል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግን ርቀቱ ያንን ይመልሰዋል። ልምምዱ በሳምንት ብዙ ኪሎ ሜትር ነው፤ አንዱ እግር ትንሽ ካነከሰ ሌላው ይሸከማል፣ ከዚያ ወገብ ይከተላል። ስንት ጊዜ ተዘጋጅቶ ውድድሩ ሊደርስ ሲል ቀረ፣ ስንት ጊዜ ጀምሮ ወጣ።

በሚያዝያ 2016 ለንደን ላይ ሦስተኛ ሲወጣ የሪዮ ኦሎምፒክ ቡድን ሊመረጥ ነበር። ከሦስቱ ውጪ ሆነ። በጣም ተናደደ፣ ፌዴሬሽኑንም በአደባባይ ወቀሰ። እዚህ ላይ የእኔ ሐሳብ ከደጋፊዎቹ ይለያል። አንድ አገር በማራቶን የሚያሰልፈው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ቀነኒሳ ለመራጮቹ ያቀረበው ከረጅም ጉዳት በኋላ የተሮጠች አንዲት ውድድር ነበረች፤ ሌሎቹ ደግሞ ተከታታይ ውጤት ነበራቸው። ከተመረጡት አንዱ ፈይሳ ሌሊሳም ሪዮ ላይ ብር አምጥቷል። ስለዚህ ምርጫው ግፍ ነው ለማለት ይከብደኛል። የሚያሳዝነው ግን ከሪዮው ማራቶን 5 ሳምንት በኋላ የሆነው ነው፤ ቀነኒሳ በርሊን ላይ 2:03:03 ሮጦ የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዝግጁ የነበረው ለዚያ ቀን ነበር፤ ቀኑ ግን የኦሎምፒክ አልነበረም።

ቀጥሎ ያለው ሦስት ዓመት ወጣ ገባ ነው። ለንደን ሁለተኛ፣ በርሊን አቋረጠ፣ ለንደን ስድስተኛ፣ አምስተርዳም አቋረጠ። እውነቱን እንናገር ካልን አብዛኛው ሰው ተስፋ ቆርጦበት ነበር።

መስከረም 29 ቀን 2019 በርሊን። ቀነኒሳ 37 ዓመቱ ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሠ ጥሎት ሄደ፤ ማራቶን ላይ እዚያ የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ ቀርቷል ማለት ነው። ቀነኒሳ ግን ጥቂት በጥቂት ተመልሶ መጣ፣ ደረሰበት፣ አለፈው። የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ብቻውን ከሰዓቱ ጋር ነበር የሚሮጠው። 2:01:41 ላይ ገባ። የኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን 2:01:39 ነበር። ሁለት ሴኮንድ! እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ሮጦ፣ በ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ የጎደለው አንድ መጠጫ ጠርሙስ አንስቶ ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ለእኔ የቀነኒሳ ትልቁ ኪሳራ ሪዮ አይደለም፣ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቶኪዮ 2020 በኮሮና ምክንያት በአንድ ዓመት ተገፋ። ለ38 ዓመት ሯጭ አንድ ዓመት ማለት ለ22 ዓመት ልጅ እንደሚሆነው አይደለም። በጥቅምት 2020 ለንደን ላይ ከኪፕቾጌ ጋር ሊገናኙ ሲሉም ባቱ እንደገና አስቀረው። ከዚያ ፌዴሬሽኑ ለቶኪዮ ሯጮቹን የሚለይበት የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ በግንቦት 2021 ሰበታ ላይ አዘጋጀ። ቀነኒሳ አሠራሩን ተቃወመ፣ አልሮጠም፣ አልተመረጠም። ክርክሩ ሁለት ወገን አለው። ማጣሪያ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ያስተያያል፤ "በስም ተመረጠ" የሚባል ነገር ይጠፋል። በሌላ በኩል የማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለት ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው አቅሙን አሟጦ የሚሮጠው። ኦሎምፒኩ ሦስት ወር ሲቀረው 35 ኪሎ ሜትር ተፋልሞ ማገገም፣ በተለይ ዕድሜው ለገፋ ሰው፣ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱም ወገን ልክ ሊሆን ይችላል። ኦሎምፒኩ ግን አለፈው።

ምሩፅ ይፍጠርን ታስታውሳላችሁ? በ1976 አፍሪካ ሞንትሪያልን በመቃወሟ ከ1972 እስከ 1980 ስምንት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ወሰደ። የቀነኒሳ ጥበቃ ከእሱም ይረዝማል።

በ2021 መስከረም በርሊን ሦስተኛ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ኒው ዮርክ ስድስተኛ። በ2022 ለንደን አምስተኛ በ2:05:53። በ2023 ለንደን ደግሞ አቋረጠ። 41 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ሰው አቋርጦ ሲወጣ ማንም "ይመለሳል" አይልም። በታኅሣሥ 2023 ግን ቫሌንሲያ ላይ 2:04:19 ሮጦ አራተኛ ሆነ። ከ40 ዓመት በላይ ላሉ ሯጮች የተለየ መዝገብ አለ፣ ማስተርስ ይባላል፤ ያ ሰዓት የዚያ ክፍል አዲሱ ምርጥ ሰዓት ሆነ። ሚያዝያ 2024 ለንደን ላይ እሱኑ በ4 ሴኮንድ አሻሻለው። እስከ መጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ድረስ ሲመራ ከነበረው የኬንያው አሌክሳንደር ሙቲሶ ጋር ተያይዞ ሮጦ በ14 ሴኮንድ ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። 2:04:15።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። ፓሪስ ላይ የማንን ቦታ ነው የያዘው?

ውድድሩ ከመድረሱ ከአራት ወር በፊት፣ ከዓለም ትልልቅ ማራቶኖች በአንዱ ሁለተኛ ወጥቶ ነው ቡድኑ ውስጥ የገባው። በ2016 የጎደለችው ነገር፣ ማለትም ተከታታይ ውጤት፣ በ2024 በእጁ ነበረች፤ ቫሌንሲያ እና ለንደን፣ በአምስት ወር ውስጥ። ሌሎቹ ቫሌንሲያን በ2:01:48 ያሸነፈው ሲሳይ ለማ እና ደሬሳ ገለታ ነበሩ። ተጠባባቂው ደግሞ ታምራት ቶላ። አዎ፣ ወርቁን ያመጣው ታምራት መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ሲጎዳ ነው የገባው። እና "ወጣት ይለፍ" የምንለው ታምራት በውድድሩ ማግስት 33 ዓመት ሞላው። ማራቶን የልጅ ጨዋታ አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚበስሉት ከ30 ወዲህ ነው። "የወጣት ዕድል በላ" የሚለው ክስ እዚህ ጋ ይወድቃል። ቀነኒሳ በስሙ ሳይሆን በሰዓቱ ነው የገባው።

መንገዱ ግን ለእሱ አልተሠራም ነበር። የለንደን፣ የቫሌንሲያ፣ የበርሊን መንገድ ሜዳ ነው፤ አንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞ መፍሰስ ነው። የፓሪሱ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ተነስቶ እስከ ቬርሳይ ሄዶ ወደ አንቫሊድ የሚመለስ፣ ሲደመር ከ430 ሜትር በላይ ዳገት ያለበት ነው። 28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው አቀበት ሲታይ እንኳ ያደክማል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዳገት ባትን ይጎትታል፣ ቁልቁለት ጭንን ይሰብራል። በዚያ ላይ አሯሯጭ የለም። ቀነኒሳ ዳገቶቹ ላይ ከፊተኞቹ ተለየ። ከዚያ በኋላ ካሜራው አልተከተለውም።

ካሜራው የተከተለው አንድ ሌላ ሽንፈት ነበር። በ2003 እዚያው ፓሪስ በ5,000 ሜትር ያሸነፈው ኪፕቾጌ፣ የሁለት ኦሎምፒክ የማራቶን ወርቅ ይዞ ለሦስተኛ የመጣው፣ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ቆሞ መራመድ ጀመረ። ጫማውንና መለያውን ለተመልካች ሰጥቶ ወጣ። በ21 ዓመት ውስጥ በመምም በጎዳናም ሲፋለሙ የኖሩ ሁለት ሰዎች የመጨረሻ ኦሎምፒካቸው በአንድ ቀን፣ በመም ላይ የመጀመሪያ የዓለም ወርቃቸውን ባገኙበት ከተማ ሆነ። አንዱ ቆመ። ሌላው የቀሩትን ኪሎ ሜትሮች ሮጦ 39ኛ ገባ።

ያ ቀን ሲያበቃ የኦሎምፒኩ ክብረ ወሰን የታምራት ነበር። የኢትዮጵያ የማራቶን ክብረ ወሰን ግን አሁንም 2:01:41 ነበር፤ በ37 ዓመቱ በርሊን ላይ የተሮጠው። ሲሳይ ለማ ቫሌንሲያ ላይ 7 ሴኮንድ ነበር የቀረው።